ራሳቸውን የነቀነቁት የውሃ ሹም

የአገሩን ስም አትጠይቁኝ። ብነግራችሁም ካርታ ላይ ፈልጋችሁ ስታጡት ውሸታም የምትሉት እኔን ነው። ከላይ ተራራ፣ ከታች ሜዳ፣ መሃል ላይ አንድ ትልቅ ቦይ ያለበት አገር ነው በቃ። ቦዩ ለየሰፈሩ የብረት በር አለው። በሩ ሲከፈት ሰፈሩ ያጠጣል፣ ይጠጣል፣ ልጆቹን ያጥባል፤ ሲዘጋ ሰማይ ሰማይ ያያል። በሮቹን የሚያስከፍተው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ የውሃ በር ሹም ይባላል። እኔ አያልቅበት እባላለሁ፤ እዚሁ ሹም ቢሮ ባለጉዳይ አስገቢ ነበርኩ። ማዕረጌ በኋላ ተቀይሯል፣ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ሕጋችንን ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ ሹም አይፈርምም፣ "እሺ" ብሎም አይናገርም። ባለጉዳይ አዳራሽ ገብቶ ጉዳዩን ጮክ ብሎ ያመለክታል። ሹሙ ከተስማማ ራሱን ይነቀንቃል፣ ካልተስማማ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ራሱ ከተነቀነቀ ጸሐፊዋ ወይዘሮ አሰገደች "ነቅንቀዋል" ትላለች፣ የበሩ ጠባቂ ቁልፉን ይዞ ይሄዳል፣ ውሃ ይወርዳል። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ እንዲህ ነው። ስለዚህ በእኛ አገር ሹም ሲመረጥ ትምህርቱን የሚጠይቅ የለም፣ የሚታየው አንገቱ ነው።

ክቡር አቶ አምደብርሃን ስድሳን ከተሻገሩ የቆዩ፣ ሹመታቸውንም በአንገታቸው ያገኙ ሰው ናቸው። ዝንብ ግንባራቸው ላይ ስታርፍ አይተናል፤ ሰልችቷት ትሄዳለች እንጂ እሳቸው ንቅንቅ አይሉም። ሰላምታ የሚመልሱት በዓይናቸው ሽፋን ነው። ሠርግ ቤት "ይጨመርልዎ?" ሲባሉ ራሳቸውን ላለመነቅነቅ ብለው ሳይጠግቡ የተመለሱበት ጊዜ አለ። ውሃ አብዝተው አይለቁም ነበር፣ ሲለቁ ግን ለሚገባው ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ያኔ እንኮራባቸው ነበር።

ጉዱ የፈላው ከቢሯችን ማዶ አንድ ሞባይል ጠጋኝ ሱቅ የከፈተ ዕለት ነው። የበር ቁመት የሚያህል ስፒከር በረንዳው ላይ ገትሮ ራፕ ይለቅብን ጀመር። አንድ ጠዋት አንድ ነጋዴ "የገበያው በር በየቀኑ ይከፈትልኝ፣ አህዮቼን ልጠብበት" ብሎ ሲያመለክት ሙዚቃው በመስኮት ገባ። መጀመሪያ የክቡርነታቸው ጫማ ጫፍ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ጉልበታቸው፣ ከዚያ ትከሻቸው። እኔ ሕመም የጀመራቸው መስሎኝ ልደግፋቸው ስጠጋ፣ ያ ስንት ዘመን ያልተነቃነቀ ራስ ወደ ፊት ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። ወይዘሮ አሰገደች እኔን አየችኝ፣ እኔም እሷን አየኋት። ምን ታድርግ፣ ሥራዋ ነው፤ "ነቅንቀዋል" አለች። አህዮቹ ታጠቡ።

ባለጉዳይ ሲበተን ክቡርነታቸው ጠሩኝ።

"አያልቅበት፣ ያ ማዶ የሚለፈልፈው ምንድን ነው?"

"ራፕ ይባላል፣ ክቡርነትዎ።"

"ሰውየው ምን ሆኖ ነው የሚቆጣው?"

"አይ፣ አዘፋፈኑ ነው። ስለ ችግሩ፣ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ረሃቡ ነው የሚያወራው።"

ክቡርነታቸው ጥቂት አሰቡና "ታዲያ ባለጉዳይ ነዋ" አሉ። ከዚያ ወዲያ ያየነው መከራ ሁሉ ከዚህች ቃል ነው የወጣው። አፌን ቆርጦ በጣለልኝ ኖሮ።

እንግዲህ ሰው በዚያ ዕድሜው ፍቅር ሲይዘው ታውቁታላችሁ፣ መላ የለውም። ከሱቁ ትልቁን ስፒከር ገዝተው አዳራሹ ውስጥ፣ ከወንበራቸው ጎን አቆሙት። በሙሉ ሱፍና በከረባት ላይ ኮፍያ ወደ ኋላ ገልብጠው መድፋት ጀመሩ። ራፐር አንገቱ ላይ ወፍራም ሰንሰለት ያስራል ሲባል ሰሙና የቦዩን በር ሰንሰለት ከነቁልፉ አስመጥተው አንገታቸው ላይ አጠለቁት። የበሩ ጠባቂ ቁልፍ ሲፈልግ ክቡርነታቸውን ከነነፍሳቸው ይዞ መሄድ ግድ ሆነበት። ዘበኛችን ቸኮል የብረት ቁም ሳጥን በመዳፉ እየመታ ምት እንዲያወጣ ታዘዘ፤ የሚገርመው ቻለበት። እኔ ደግሞ ከባለጉዳይ አስገቢነት ወደ አዳማቂነት አደግሁ። ሥራዬ በየመሃሉ እጄን እያነሳሁ "እህ!" ማለት ነው። ለአዳማቂ የሚከፈለው ከአስገቢ ይሻላል፣ ስለዚህ አልተከራከርኩም።

የራሳቸውንም ሥራ አወጡ። ጠዋት ጠዋት አዳራሹ የሚከፈተው በዚህ ነበር፦

እኔ ነኝ ሹሙ፣ የበሩ ጌታ፣
ጠዋት የገባሁ፣ የምወጣ ማታ፣
ባለጉዳይ ቁም በተርታ በተርታ፣
ቁልፌ ስትዞር ትላለች ጧ ጧ!

"ጧ ጧ" ሲሉ ቸኮል ቁም ሳጥኑን ሁለቴ ይጠልዘዋል። ባለጉዳይ ያጨበጭባል። ምን ምርጫ አለው።

ችግሩ ግን ሕጉ ነው። ሙዚቃው እስካለ ድረስ የክቡርነታቸው ራስ አይቆምም። ራስ ከተነቀነቀ ደግሞ ተፈቅዷል። የጠየቀ ሁሉ ተፈቀደለት። ያልጠየቀም ተፈቀደለት፤ አንዱ ዝናብ ሸሽቶ በረንዳው ላይ ቆሞ በነበረበት ለሰፈሩ በር ተከፍቶለት ሄደ። የቦዩ በሮች ሁሉ ባንድ ጊዜ ወለል ብለው ተከፈቱ። ገበያው ተጥለቀለቀ፣ ጎመኑ ተንሳፈፈ፣ የቄራው አጥር ተነቅሎ ሄደ። ጥሩ ነገር ነው የተባለ ውሃ ሁሉ በማይሆን ቦታ ፈሰሰና ከላይ ያለው ግድብ ጎደለ፤ በሮቹም ተመልሰው ተዘጉ።

ይሄኔ ነው የንቅናቄ አጣሪ ኮሚቴ የተቋቋመው። አባላቱ የተከበሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ተዘግተው ከረሙና እንዲህ የሚል ውሳኔ ይዘው ወጡ። ንቅናቄ ሁለት ዓይነት ነው፤ የፈቃድ ንቅናቄ አለ፣ የአድናቆት ንቅናቄ አለ። በሙዚቃ ላይ የሆነ ንቅናቄ ሁሉ የአድናቆት ነው፣ በር አያስከፍትም። ይኼ ደግ። ወዲያው ግን ክቡርነታቸው ሌላ መመሪያ አወጡ፤ ከእንግዲህ ባለጉዳይ ሁሉ ጉዳዩን የሚያመለክተው በራፕ ብቻ ነው።

ቆም ብላችሁ አስቡት። በራፕ ካላመለከትክ አትሰማም። በራፕ አመልክተህ ካላማረልህ የክቡርነታቸው ራስ አይነቃነቅም፣ አልተፈቀደልህም ማለት ነው። ካማረልህ ደግሞ ይነቃነቃል፣ ያ ግን አድናቆት ነው። እንግዲህ ውሃ በየት በኩል ይውረድ? አንድ የላይኛው ሰፈር ሰው ይህንኑ ጠይቆ ነበር፤ የአቀራረብ ክህሎት ይጎድለዋል ተብሎ ሥልጠና ተላከ።

ሕዝባችን ግን ትጉህ ነው። በየጥላው ሥር ሥልጠና ሆነ። ሽማግሌው በከዘራ መሬት እየመታ ይለማመዳል። የምንጭ ጠባቂዎቹ፣ ቆዳ ፋቂዎቹ፣ አልቃሾቹ ሳይቀሩ ኮፍያ ገለበጡ። አልቃሾቹማ ስማቸው ወጣ፣ ድሮም ግጥሙ አላቸው። ጥሩ ያመለከተ የሚሸለመው ኮፍያ ነው። በዚያ በጋ ኮፍያ ያላገኘ ቤት አልነበረም፣ ውሃ ያገኘም አልነበረም።

ጓንጉል የእህቴ የየሺእመቤት ባል ነው። ታችኛው ሰፈር ሽንኩርት ያለማል። ወሬ አይወድም። ሽማግሌ ልኮ እህቴን ሲያገባ እንኳ የተናገሩት ሽማግሌዎቹ ናቸው፣ እሱ መሬት መሬት እያየ ቁጭ ብሎ ነበር። በዚያ ዓመት ያላቸውን ሁሉ፣ ጥጃዋን ሳይቀር ሸጠው ዘርና ማዳበሪያ ላይ አዋሉት። ሽንኩርቱ አምሮ በቀለ። ሥሩ ሊያብጥ ሲል ግድቡ ጎደለና የሰፈራቸው በር ተዘጋ። ሽንኩርት በዚያ ሰዓት ውሃ ካጣ አለቀለት። ጎረቤቶቻቸው አልጋና ድስታቸውን አህያ ላይ እየጫኑ ለቀን ሥራ ወደ ሩቅ ከተማ መሄድ ጀምረው ነበር። እህቴና ጓንጉልም ሽንኩርቱ ከሞተ የሚቀራቸው ይኸው መንገድ ነው።

እህቴ ቢሮ ድረስ መጣች። ስታየኝ ኮፍያዬን አየች።

"አንተ እዚህ ቤት ሥራህ ምንድን ነው አሁን?"

"አዳማቂ ነኝ" አልኳት።

ኮፍያዬን በጣቷ አስተካከለችልኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ነገ ጓንጉል እንደሚመጣ ነግራኝ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

በማግስቱ በጠዋት ጓንጉልን ከቢሮው ጀርባ ወስጄ ላሰለጥነው ሞከርኩ። ቤት የሚመታ ቃል ፈልግ አልኩት። እጅህን እንዲህ አወናጭፍ አልኩት። ትከሻህን ልቀቀው አልኩት። ግድግዳ ባሰለጥን ይሻል ነበር። መጨረሻ ላይ "አያልቅበት፣ እኔ የምፈልገው ውሃ ነው" አለኝ። ምን ይባላል? ኮፍያ ደፋሁለትና አስገባሁት።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ጓንጉል መሃል ላይ ቆመ። ኮፍያውን አውልቆ በአንድ እጁ ያዘ፣ በሌላው እጁ የተነቀለ ሽንኩርት ይዟል፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል፣ ሥሩ ጣት አያክልም። ምት አልጠበቀም። እጁንም አላወናጨፈም። መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

"ጌታዬ፣ ውሃ የለንም። ሽንኩርቱ እየሞተ ነው፣ ውሃ የለንም። ጉድጓዱ ደርቋል፣ ውሃ የለንም። ጥጃዋን ሸጠናል፣ ውሃ የለንም።"

ቸኮል አንጀቱ ተላወሰ መሰለኝ፣ ላግዘው ብሎ ቁም ሳጥኑን ቀስ አድርጎ ይመታ ጀመር። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። የክቡርነታቸው ራስ ሄደ፣ ተመለሰ። የባለጉዳዩ ሁሉ ራስ ሄደ፣ ተመለሰ። ጓንጉል የተስማሙለት መስሎት ድምፁ ከፍ አለ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ደገመው። እሱ በደገመ ቁጥር ሕዝቡ "ውሃ የለንም!" እያለ ይቀበለዋል። እንባውን የሚጠርግ ነበር። እኔም እጄን አነሳሁ፣ ሥራዬ ነው።

ሲጨርስ ክቡርነታቸው ከወንበራቸው ተነሱ። ለማንም ተነስተው አያውቁም። "ራፕ ማለት ይህ ነው" አሉ፣ "ያልተኳኳለ፣ ከሆድ የወጣ።" ወይዘሮ አሰገደች ንቅናቄው የየትኛው ይባል ብላ ቀስ ብላ ጠየቀች። "የአድናቆት ነዋ" አሉ፣ "እንዲያውም የታላቅ አድናቆት።" ለጓንጉል ሁለተኛ ኮፍያ ተሰጠው።

ጓንጉል ሁለቱን ኮፍያዎች ይዞ ቆመ።

"ውሃውስ፣ ጌታዬ?"

ክቡርነታቸው ትከሻውን በፍቅር ያዙት።

"ልጄ፣ ውሃው ቢለቀቅ ይችን ግጥም ከየት ታመጣታለህ?"

አሾፉ እንዳትሉኝ። ከልባቸው ነው የተናገሩት፣ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ግጥሟን ክቡርነታቸው ወሰዷት። የሹማምንት ጉባኤ ላይ ራሳቸው አቀረቧት። የእሳት ሹም፣ የመንገድ ሹም፣ የእህል ሹም፣ ሁሉም ራሳቸውን ሲነቀንቁ ዋሉ፤ የእህል ሹሙ እንዲያውም ለእሳቸውም "እህል የለንም" የሚል ባለጉዳይ እንዲፈለግላቸው አዘዙ አሉ። "ውሃ የለንም" የአገር ዘፈን ሆነች። ሠርግ ላይ ትዘፈናለች። ቤተ ሠሪዎች ጡብ ሲቀባበሉ ይሏታል። ታችኛው ሰፈር ግን አንድ ሰሞን ሙሉ የሚዘፍናት አልነበረም፣ እዚያ ሰው ዝም ብሎ ይናገራታል።

ሽንኩርቱ ሞተ። እህቴ አልጋዋን ፈታች።

ሊሄዱ አህያ ጭነው ሳሉ ነው ትእዛዝ የደረሳቸው። ክቡርነታቸው ግጥሟ ከተወለደችበት ቦታ ላይ ለሕዝብ ሊያቀርቧት ስለሆነ ባለቤቶቹ እንዲጠብቁ ተባለ። መድረኩ የተሠራው እዚያው የሽንኩርቱ ማሳ ላይ ነው፤ መሬቱ ደርቆ ጥሩ አድርጎ ጠጥሮ ስለነበር ሳንቃ እንኳ ብዙ አልፈጀብንም። ያስነጠፍኩት እኔ ነኝ። ደረቁ የሽንኩርት ቅጠል ከእግሬ ሥር እየተንኮሻኮሸ፣ እህቴ ከጫነችው አህያ ጎን ቆማ ታየኛለች። ቢሆንም አስነጠፍኩ።

ሕዝቡ ከየሰፈሩ መጣ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ክቡርነታቸው በሱፍ፣ በከረባት፣ በዚያ ሁሉ ሰንሰለት ወጡ። ጓንጉልን አጠገባቸው አቆሙት። ጀመሩ። አልዋሽም፣ በደንብ ነው የሚሉት፣ ሰው አበደ። ደገሙት፣ ሠለሱት። ላብ በፊታቸው ይወርዳል። አቧራው ከማሳው ቦነነና ጉሮሯቸው ገባ። ሳሉ። እንደገና ሊሉት ሲሞክሩ ድምፃቸው ተሰነጠቀ። ወደ ሕዝቡ ጎንበስ ብለው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣

"ውሃ" አሉ።

ሕዝቡ "የለንም!" አለ።

ቸኮል አዲስ ስንኝ የመጣ መስሎት ምቱን አጠበቀው። ክቡርነታቸው ጉሮሯቸውን እያሳዩ "ውሃ" አሉ። "የለንም!" አለ ሕዝቡ። አንዱም አልቀለደም። ጣሳ የያዘ ሰው በዚያ ሜዳ ላይ አልነበረም፤ እኔም በመጣንበት መኪና ውስጥ እንኳ ማስቀመጥ ረስቼ ነበር። ወደ ጓንጉል ዞሩ። "ልጄ፣ እባክህ፣ ውሃ።" ጓንጉል ያው እንደ ልማዱ መሬት መሬት እያየ "የለንም፣ ጌታዬ" አላቸው።

ያን ጊዜ ፊታቸውን አየሁት። እምላለሁ፣ ገባቸው። ከንፈራቸው ደርቆ፣ ዓይናቸው ከማሳው ወደ ጓንጉል፣ ከጓንጉል ወደ ሕዝቡ ሄደ፣ እጃቸውም ወደ ሰንሰለቱ፣ ቁልፉ ወዳለበት ተነሳ። ጠበቅሁ። እህቴም ከወዲያ አንገቷን አስግጋ ትጠብቃለች። ግን ሕዝቡ በጣም ደምቆ ነበር። እንዲያ ደምቆ አያውቅም። ክቡርነታቸው ምራቃቸውን እንደ ምንም ዋጡና፣ ቁልፉን ለቀው እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ፣ "ውሃ!" አሉ እንደገና፣ አሁን በምቱ ላይ። ሕዝቡ ተቀበላቸው።

ጓንጉል ከመድረኩ ወረደ። ሁለቱን ኮፍያዎች ሳንቃው ላይ ትቶ በሕዝቡ መሃል አልፎ ሄደ፣ ከእህቴ እጅ የአህያውን ገመድ ተቀበለ። እህቴ ወደኔ ዞራም አላየች። ክቡርነታቸው ከላይ ሆነው በሰለለ ድምፅ ጠሩት። ወዴት ነው፣ ገና መሃሉ ላይ ነን እኮ አሉት።

ጓንጉል ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያቸው።

"ውሃ ፍለጋ" አለ።

ከፊት የቆሙት ሰምተው "ውሃ ፍለጋ!" አሉ። ከኋላ ያሉትም ተቀበሉ፣ ሜዳው ተናጋ። ጓንጉልና እህቴ አህያውን እየነዱ በመንገዱ ራቁ። ክቡርነታቸው ጆሯቸውን አቅንተው ጥቂት አዳመጡ፤ ራሳቸው ቀስ እያለ ይነቃነቅ ጀመር። ከዚያ በእጃቸው ጠቅሰው ጠሩኝና ጆሮዬ ሥር፣

"እሷን ስንኝ እንዳትረሳት፣" አሉኝ፣ "ቆንጆ ናት።"